ድሬ ላይ ኮንጋ መግዛትና መወጠር

ኮንጋ፣ ያንን በእጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው አፉን ሲከፍት «ስንት ነው?» ይላል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቆዳው ቢቀደድ፣ ብሎኑ ቢበላ፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅ እዚሁ ማን ይሠራዋል? ለዚህ መልስ የሌለው ኮንጋ በነፃ ቢሰጥህም ውድ ነው። እዚህ ርካሽ የምለው በሰፈር በያጅ፣ በመለዋወጫ ሱቅ ብሎንና በአገር ጥሬ ቆዳ ሊድን የሚችለውን ነው። ብሩን አልጠቅስም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። ድሬ ነንና ደግሞ አንቱታውን ትተን በ«አንተ» እንቀጥል፤ አንቺም ያው ነሽ።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

ኮንጋ በአገሩ በኩባ ቱምባዶራ ይባላል። ቤተሰቡ የሚለየው በአፉ ስፋት ነው። ቀጭን ድምፅ ያለው ኪንቶ 11 ኢንች ገደማ (28 ሴንቲ)፣ መሐለኛው፣ ራሱ ኮንጋ የሚባለው፣ 11.75 ኢንች (30 ሴንቲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው)፣ ወፍራሙ ቱምባ 12.5 ኢንች (32 ሴንቲ ገደማ) ነው። ቁመታቸው 28 ወይም 30 ኢንች ነው፤ 71 ወይም 76 ሴንቲ መሆኑ ነው። ለጀማሪ ተብሎ በጥንድ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ 10 እና 11 ኢንች ነው። በውጭ ገበያ የኤልፒ አስፓየርና የሜይንል ሄድላይነር የሚባሉት ጥንዶች በዚህ መደብ የሚገኙ ናቸው።

10 ኢንቹ ከበሮ ነው፤ አሻንጉሊት አይደለም። ችግሩ ያለው እጅህ ላይ ነው። የአዋቂ ወንድ እጅ 25 ሴንቲ አፍ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ መሐሉን አልፈው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ጠርዝ ላይ በጣት የሚወጣው ድምፅ መሐል ላይ በመዳፍ ከሚወጣው ጋር ይደባለቅብሃል። ጀማሪ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት መማር ያለበት እነዚህን ድምፆች መለየት ነው። በዚያ ላይ የ10 ኢንቹ ወፍራም ድምፅ ሳሳ ያለ ነው፤ ከኪቦርድና ከቤዝ ጊታር ጋር ሲገባ ይጠፋል።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በሁለት ትንንሽ ገንዘብ አንድ 11.75 ግዛ። ቱምባኦ የሚባለው ዋነኛው የኮንጋ አመታት ሙሉ በሙሉ በአንድ ከበሮ ይወጣል። ሁለተኛው ከበሮ የሚጨምረው ከታች የሚመልስ ወፍራም ድምፅ ነው፤ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ችክችካ የምትመታ ከሆነም አንዱ ይበቃሃል፤ የከበሮው ወፍራምና ቀጭን ሁለቱም መሐሉና ጠርዙ ላይ አሉ።

ኩባና ምሥራቃችን እንግዳ አይደሉም። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በድሬ፣ በሐረርና በጅጅጋ በኩል የነበሩትን ኩባውያን ወታደሮች የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጠው ታገኛለህ። ወደ ዘመናዊ ሙዚቃችን ግን ኮንጋን ከቫይብራፎን ጋር በማስተዋወቅ ስሙ የሚነሳው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ እሱም ላቲኑን የቀሰመው ኒውዮርክ ነው።

እንጨት ወይስ ፋይበር?

ሐረር ብትሆን እንጨት እልህ ነበር። ድሬ ላይ ፋይበር ግላስ። የእንጨት ኮንጋ እንደ በርሜል ነው፤ ከረጃጅም ጣውላዎች በኮላ ተጣብቆ ይሠራል። ደረቅ አየር ከእንጨቱ ውስጥ እርጥበት ሲመጥጥ ጣውላው ይሸበሸባል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ባሕር ዳርቻ ባለ እርጥብ አገር የተሠራ ከበሮ ግንቦት ላይ ድሬ ሲገባ ይሄ ነው የሚጠብቀው። ፋይበር አይጠጣም፣ አይደርቅም፤ ድምፁ ደመቅ ብሎ ሾል ያለ ነው፣ ለሠርግ ድንኳን ደግሞ እሱ ይመረጣል። የእንጨት ሞቅ ያለ ድምፅ ይበልጣል የሚል ሰው አልተሳሳተም። ግን በድሬ ሙቀት የተሰነጠቀ እንጨት ሞቅ ያለ ድምፅ የለውም፤ የሚንዘረዘር ድምፅ ነው ያለው።

ያገለገለውን ስትፈትሽ

ኮንጋ እንደ ቴሌቪዥን በየሱቁ ተደርድሮ የሚጠብቅህ ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተበተነ ባንድ፣ መሣሪያ ከቀየረ ቤተ ክርስቲያን ወይም አዲስ አበባ ካለ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ ነው። ያገለገለ መግዛት ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘብ ከመቁጠርህ በፊት ሃያ ደቂቃ ይዘህ ሂድ። ስልክህ፣ አንድ 13 ቁጥር ቁልፍና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

መጀመሪያ ከበሮውን አጋድመህ በታች ባለው ቀዳዳ የስልክህን መብራት አስገባ፤ ሌላ ሰው ከውጭ በጨርቅ ከልሎ ይይ። በጣውላዎቹ መሐል ክር የመሰለ ብርሃን ከወጣ መጋጠሚያው ተከፍቷል። ርዝመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥና ከአፉ የራቀ ከሆነ በእንጨት ኮላና በቺንጋ ታስሮ ይድናል፣ ዋጋ አስቀንስበት። ስንጥቁ ከአፉ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ ግን ተወው፤ ያ ጠርዝ ቆዳው የሚቀመጥበት ነው፣ በተወጠረ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል።

እዚያው ውስጥ ሳለህ ብረቶቹን ተመልከት። ከውጭ ብሎኑን የያዘው ላሜራ ከውስጥ በሌላ ላሜራ ወይም በሰፊ ሮንዴላ መደገፍ አለበት። በርካሾቹ ላይ ሮንዴላዋ ትንሽ ሆና እንጨቱ ውስጥ ሰምጣ ታገኛታለህ። ይሄ ከባድ በሽታ አይደለም፤ 3 ሚሊ ውፍረት ያላት የላሜራ ቁራጭ አስቆርጠህ ከውስጥ ብትደግፋት አለቀ። ላሜራው ከውጭ ወደ ላይ ተስቦ ከሥሩ እንጨቱን ከጫረው ግን ከበሮው ለዓመታት ሳይላላ ተወጥሮ የኖረ ነው፤ ሌላም ነገር ተበላሽቶ ይሆናል።

ቀጥሎ ብሎኖቹ። መንጠቆ የመሰሉት ረጃጅም ብሎኖች 5 ወይም 6 ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ 4 ያለውን ለመቃኘት ስትለፋ ትውላለህ፣ ምክንያቱም በሁለት ብሎን መሐል ያለው ቆዳ ሰፊ ስለሚሆን አንዱን ስትነካ ሌላው ይዛባል። እያንዳንዱን ዳዶ በቁልፍ አላላና ከዚያ በጣትህ ብቻ አዙረው። በጣት ካልዞረ ወይ ዝጓል ወይ ፊሌቶው (የብሎኑ ጥርስ) ተበልቷል። የዛገ በናፍጣ ታጥቦ በግራሶ ይድናል። የተበላ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአንዳንዱ ኮንጋ ብሎን በሚሊ የተቆረጠ 8 ነው፣ የሌላው ደግሞ 5/16 ኢንች። በዓይን አይለዩም፤ የኢንቹ ውፍረት 7.9 ሚሊ ነው። ቁልፉም አይነግርህም፤ የሚሊው ዳዶ 13፣ የኢንቹ ዳዶ 12.7 ስለሆነ 13 ቁጥር ቁልፍ ሁለቱንም ይይዛል። ልዩነቱ ያለው ፊሌቶው ላይ ነው። ከመለዋወጫ ሱቅ 8 ቁጥር ዳዶ ገዝተህ ኢንች ብሎን ላይ ብታስገባው ሁለት ዙር ይሄድልህና ይነክሳል። ያኔ «ትንሽ ገፋ ላድርገው» ካልክ ሁለቱንም በላሃቸው። ሱቅ ስትሄድ አሮጌውን ብሎን ይዘህ ሂድ፣ ዳዶውም እዚያው በጣት እስከ መጨረሻው ይዙር።

ቀለበቱን (ሪሙን) ደግሞ ፈትተህ መስታወት ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አስተኛው። ከተንቀጠቀጠ ጠምሟል። በ2 ሚሊ የጠመመ ተቀጥቅጦ ይቀናል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቆዳውን እኩል መወጠር አትችልም። ቀለበቱ ከቆዳው መምቻ ቢያንስ 2 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ጣትህ ከብረት ጋር ይጋጫል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ቀለበቱ በጣም ወርዶ ላሜራዎቹን ሊነካ ከደረሰ ያ ቆዳ መጨረሻው ላይ ነው። ከዚህ በላይ የሚወጠርበት ቦታ የለውም፤ ሻጩ «ቆዳው ደህና ነው» ቢልህም አዲስ ቆዳ እንደሚያስፈልግ ቆጥረህ ተደራደር።

ቆዳው

የኮንጋ ሰባ በመቶ ቆዳው ነው ቢባል አልከራከርም። ሁለት ምርጫ አለህ። ሰው ሠራሹ፣ ሬሞ የሚያመርተው ዓይነት፣ ሙቀትም ዝናብም አይለውጠውም፤ ለሚዞር ባንድ ተመራጭ ነው። ጉዳቱ ከውጭ መምጣቱና ልኩ ነው። በስም አንድ 11.75 የሆኑ ከበሮዎች ከፋብሪካ ፋብሪካ በጥቂት ሚሊ ይለያያሉ፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ ተለጥጦ አይገባልህም። ከማዘዝህ በፊት የአፉን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካና ለ3.14 አካፍለው፤ የሚወጣው ቁጥር የውጭ ስፋቱ ነው። ስም የሌለው ከበሮ ከያዝክ ለሱ የሚሆን ሰው ሠራሽ ቆዳ ፍለጋ አትድከም።

ሁለተኛው ምርጫ የከብት ጥሬ ቆዳ ነው፤ እሱን እኛው አገር እናውቅበታለን። ለኮንጋ የሚሆነው ያልተለፋ የበሬ ወይም የላም ቆዳ ነው፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ፣ ከጀርባ በኩል። የሆድ በኩል ያለው ወጣ ገባ ነው፣ ይለጠጣል። የፍየል ቆዳ ይቀላል፣ ይረክሳልም፤ ግን ከ1 ሚሊ ብዙም አይበልጥም፣ ኮንጋ ላይ ስታደርገው ድምፁ የቆርቆሮ ይሆናል። ለጫማና ለጃኬት የተለፋ ቆዳ ደግሞ በጭራሽ፤ ለስላሳ ስለሆነ ድምፅ ይበላል። ጨው የተነሰነሰበት ከሆነ ውሃ እየቀያየርክ ጨው መቅመስ እስኪያቆም እጠበው፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ያዝጋል።

ለ11.75 ከበሮ 46 ሴንቲ ስፋት ያለው ክብ ቁረጥ፤ የ30 ሴንቲ አፍና በየጎኑ 8 ሴንቲ መጎተቻ መሆኑ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ድሬ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ የሚቀዳ የቀትር ውሃ ቀዝቃዛ አይባልም! ጥሬ ቆዳ በሙቅ ውሃ ይበስላል፤ ይኮማተራል፣ ሲደርቅም እንደ ብስኩት ይሰበራል። ማታ ቀድተህ ጥላ ውስጥ ዘፍዝፈው።

አሮጌውን ቆዳ አትጣለው፣ እሱንም ዘፍዝፈው፤ ውስጡ ያለው የብረት ክብ ያስፈልግሃል። ክቡን አውጥተህ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ቀለም ቀባው፤ ካልቀባኸው እርጥቡ ቆዳ ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ከዚያ ቆዳውን ፀጉር የነበረበት ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ከበሮው አፍ ላይ አንጥፈው። የጀርባ አጥንቱ መሥመር ይታያል፤ በትክክል መሐል ላይ ይለፍ፣ ግራና ቀኙ እኩል ውፍረት የሚኖረው ያኔ ነው። ክቡን ከላይ አጥልቀህ ወደ ታች ግፋው፣ የተረፈውን የቆዳ ጫፍ በክቡ ሥር አዙረህ በውጭ በኩል ወደ ላይ መልሰው፣ ቀለበቱን በላዩ ጫን። ጫፉ በቀለበቱ ውስጥ በኩል ቀና ብሎ ይወጣል። ብሎኖቹን በጣት አጥብቅና ጫፉን በፒንሳ ዙሪያውን እየጎተትክ ሽብሽቡን አጥፋ። ከዚያ በቁልፍ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዙር፤ ቀለበቱ ከአፉ 2 ሴንቲ ገደማ ሲወርድ አቁም።

አቁም ያልኩት ለምክንያት ነው። እርጥብ ቆዳ ሲመቱት ዱብ ዱብ ይላል፣ ድምፅ እስኪሰጥ ልወጥረው ያሰኛል። ቆዳው ግን ሲደርቅ ራሱን ይወጥራል። በእርጥቡ ድምፅ ያወጣህለት ቆዳ በሦስተኛው ቀን ወይ ራሱን ይቀዳል ወይ ላሜራውን ይነቅላል።

ማድረቁ ድሬ ላይ ከሐረር የተለየ ጥንቃቄ አለው። ሐረር ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ቢቀመጥ በወጉ ይደርቃል። ድሬ ላይ ላይኛው ገጽ በአንድ ቀትር ደርቆ ሥሩ እርጥብ ይቀራል፤ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ሲኮማተሩ ቀለበቱ አጠገብ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ሌሊትና ቀን በረጠበ ጨርቅ ሸፍነው፣ ከቬንትሌተር አርቀው። በሁለተኛው ቀን ጨርቁን አንሳ። ቆዳው ደርቆ ቀለሙ ሲነጣና በጥፍር ስትነካው ሲንቋቋ ጫፉን በምላጭ ከቀለበቱ 5 ሚሊ ዝቅ አድርገህ ቁረጠው። ይሄን ሥራ ከበሮ የሚያለብስ ሰው ካገኘህ ለሱ ተውለት፤ በጠፍር የሚወጥረውን በብሎን መወጠር ለሱ ጨዋታ ነው። ሐረር ላይ ለዚክሪ መንፈሳዊ ዜማ የሚመታውን ከረቡ የሚባል ከበሮ የሚያለብሱ እጆችም ቆዳ ያውቃሉ። ብቻ የኮንጋው ወፍራም መሆን እንዳለበት አስቀድመህ ንገር።

መወጠርና መቃኘት

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ መጀመሪያ ዳዶዎቹን ሁሉ ፈትተህ ፊሌቶው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግራሶ አድርግ፤ መንጠቆው ቀለበቱን የሚነካበት ቦታም ላይ እንዲሁ። ቫዝሊንም ይሠራል ይላሉ፤ ይሠራል፣ ግን በድሬ ሙቀት ቀልጦ ይወርድና ላሜራው ላይ አቧራ ይሰበስባል። ግራሶ የሌለው ብሎን ሲጠብቅ ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰማ ጀማሪ ከበሮው የተሰበረ መስሎት ይደነግጣል።

ሁሉንም ዳዶ በጣት አጥብቅ። ከቀለበቱ እስከ ላሜራው ያለውን ርቀት በየብሎኑ አጠገብ ለካ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ አይብለጥ። ከዚያ ከአንዱ ብሎን ጀምረህ በተራ እየዞርክ ለእያንዳንዱ ግማሽ ዙር ስጥ። መዝለል አያስፈልግም፤ ዋናው እያንዳንዱ እኩል መዞሩ ነው። ድምፅ መስጠት ሲጀምር ወደ ሩብ ዙር ውረድ። በየዙሩ መሐል ጠርዙ አጠገብ፣ ከቀለበቱ 4 ሴንቲ ገባ ብለህ፣ በእያንዳንዱ ብሎን ፊት ለፊት በአንድ ጣት መታ መታ አድርግ። ወፍራም የሰጠው ቦታ ላልቷል፤ እሱን ብቻ አንድ ስምንተኛ ዙር ጨምርለት። አንዱ ብሎን ከሌሎቹ በጣም ሲከብድ ካየህ አታስገድደው። ወይ ቀለበቱ ጠምሟል ወይ ቆዳው ውስጥ ያለው ክብ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል፤ ሁሉንም አላላና ክቡን መሐል አድርገህ እንደገና ጀምር።

የት ድረስ? ለ11.75 የተለመደው ዶ ነው፣ 262 ኸርዝ ገደማ። ቱምባ ሲጨመር ከሱ በታች ያለውን ሶል፣ 196 ኸርዝ፣ ይይዛል። በትዝታ ቅኝት ክራር ያለው ሰው ከታችኛው ሶል ወደ ዶ ሲወጣ የሚሰማውን ዝላይ ያውቀዋል፤ ሁለት ኮንጋ በዚያ ርቀት ሲቃኝ አይጋጭም። የ10 እና የ11 ጥንድ የያዝክ እንደሆነ 11ዱን ላ ወይም ዶ ላይ፣ 10ሩን በቅደም ተከተል ሬ ወይም ፋ ላይ አድርገው። ያው ርቀት ነው።

የስልክ መቃኛ ኮንጋ ላይ ይደናበራል፤ ከበሮ ብዙ ድምፅ በአንዴ ስለሚያወጣ ቀስቱ ከወዲህ ወዲያ ይዘላል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከበሮውን አንዴ ምታ፣ የሰማኸውን በአፍንጫህ አንጎራጉር፣ ስልኩ ያንተን ድምፅ ያንብብ። መሐሉን ሳይሆን ጠርዙን፣ በአራት ጣት ገጠም አድርገህ፣ እጅህን ወዲያው እያነሳህ መምታትህን አትርሳ። ኦፕን የሚሉት ድምፅ እሱ ነው፣ የሚቃኘውም በሱ ነው። እጅህ ቆዳው ላይ ከቆየ ድምፁ ይታፈናል።

ከወጠርክ በኋላ ሦስቱን ድምፅ ሞክር፦ መዳፍ መሐል ላይ ወፍራሙ፣ ጣት ጠርዝ ላይ ኦፕኑ፣ ጣቶች ላላ ብለው የሚያርፉበት ጥፊው (ስላፕ)። ጥፊው ኦፕኑን እየመሰለ ካስቸገረህ ሁልጊዜ የእጅህ ጥፋት አይደለም። ላላ ብሎ የተወጠረ ቆዳ ጥፊ አይመልስም፤ ለእያንዳንዱ ሩብ ዙር ጨምረህ ዳግም ሞክር። ቱምባኦን ለመፈተሻ ስምንት ምት ቁጠር፦ ግራ መዳፍ፣ ግራ ጣት፣ ቀኝ ጥፊ፣ ግራ ጣት፣ ግራ መዳፍ፣ ግራ ጣት፣ ቀኝ ኦፕን፣ ቀኝ ኦፕን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ከሁሉም በላይ መሰማት አለባቸው። ቀለበትህን ከጣትህ አውልቅ፤ ቆዳውንም ጣትህንም ይጎዳል።

ማስቀመጫው

ኮንጋ ወለል ላይ ደፋ ተደርጎ ሲመታ ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል። ድምፁ የሚወጣው በታች ባለው ቀዳዳ ነው፤ ወለሉ ከደፈነው መሐሉን ስትመታ የምትሰማው ካርቶን ነው። ተቀምጠህ የምትመታ ከሆነ በጉልበትህ መሐል ይዘህ ወደ ፊት ትንሽ አዘንብለው፤ 45 ሴንቲ ከፍታ ያለው ወንበር ለ76 ሴንቲ ከበሮ ጥሩ ነው። ወይም ከሥሩ 4 ሴንቲ ውፍረት ያላቸው ሦስት የጎማ ቁራጮች አድርግ።

ቆመህ ለመምታት ማስቀመጫ ማስበየድ ይቻላል፤ ከውጭ ከሚመጣው በብዙ ይረክሳል። የከበሮውን ዙሪያ ከታች 30 ሴንቲ ከፍ ብለህ ለካ፣ ለ3.14 አካፍል፣ ለጎማው ልባስ 1 ሴንቲ ጨምር፤ ለበያጁ የምትሰጠው የክቡ ስፋት እሱ ነው። 10 ቁጥር ፌሮ፣ ሦስት እግር። ክቡን ሙሉ በሙሉ በጎማ አትጠቅልለው፤ ከበሮውን ዙሪያውን አንቆ ከያዘው ይታፈናል። ሦስት ቦታ ብቻ ከአሮጌ የውሃ ጎማ የተቆረጠ ልባስ አስገባ፣ ከበሮው በሦስቱ ነጥብ ይረፍ። ከፍታው ቆመህ ቆዳው እምብርትህ አጠገብ ሲደርስ ልክ ነው። በያጆች እግሩን ቀጥ አድርገው ሊበይዱት ይወዳሉ፤ ወደ ውጭ እንዲከፈት ንገራቸው፣ አለዚያ በመጀመሪያው ጥፊ ይወድቃል።

ሙቀቱ

ከመጫወትህ በኋላ አላላ። ይሄን ልማድ ያላደረገ ሰው ድሬ ላይ በዓመት ሁለት ቆዳ ይቀይራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማታ በጥሩ ቅኝት ያስቀመጥከው ጥሬ ቆዳ በማግስቱ ቀትር ላይ ደርቆ ይኮማተራል፣ ቅኝቱ ይወጣል። ግፊቱን የሚሸከመው ላሜራውና የእንጨቱ ጠርዝ ነው። ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስትመታው አይደለም፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ነው። ሁሉንም ብሎን እኩል አንድ ሙሉ ዙር አላላ፣ በግንቦትና በሰኔ አንድ ተኩል። ቁጥሩን አስታውስ፤ በማግስቱ ያንኑ ያህል ስትመልስ ቅኝቱ ቅርብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሰው ሠራሽ ቆዳ ይሄን አይጠይቅም።

ሠርግ ላይ ከድንኳን ውጭ ፀሐይ ሥር አታቁመው፤ ባጃጅ ወንበር ላይ ጥለኸውም ምሳ አትሂድ። ቆዳው እንዳይደርቅ ቅቤ የሚቀባ ሰው አለ። አቦ፣ ተው! ሽታው አይጥ ይጠራል፣ ጥዋት ስትነሳ ጠርዙ ተበልቶ ታገኘዋለህ። በጣም የደረቀ ቆዳ በረጠበ ጨርቅ ከላይ አበስ ተደርጎ አንድ ሌሊት ላልቶ ቢያድር ይበቃዋል።

ሐረር ሥራ ካለህ ድሬ ላይ ቃኝተህ አትውጣ። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለች ከተማ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ 1,900 ገደማ ስትደርስ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ይጨምራል፣ በተለይ በክረምት ቆዳው ይላላል። ሲመለስ ተቃራኒው ነው፦ ሐረር ላይ የወጠርከውን ሳታላላ ቁልቁል ብትወርድ ድሬ ስትገባ ቆዳው ከበሮውን እያነቀው ነው። በሁለቱም ጉዞ አላልተህ ጫን። ስትደርስ ከጨርቁ አውጥተህ ከምትጫወትበት ቦታ አንድ ሰዓት አስቀምጠው፤ ቁልፉን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።